ከኦቭኑ ያልለቀቀው ክብ

— ሄሎ?... አቤት... ቆይ፣ ቆይ፣ ጓንቴን ላውልቅ... አዎ፣ እህትህ ነኝ። የአባባን ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ሳሎን ሬዲዮ ይሰማሉ።... ደህና ናቸው። ደህና ናቸው አልኩህ እኮ!

— ምን እሠራለሁ? ኦቭን እፍቃለሁ።... አትሳቅ! ከጠዋት ጀምሬ አጎንብሼ ወገቤ ተቆርጧል። ነገ አከራዩ ወጥ ቤቱን ሊያይ ይመጣል።... ማን ነገረው? የላይኛዋ ጎረቤት ናታ! ጭስ በደረጃው ወጣ፣ ሽማግሌው ከነቤታችን ሊያቃጥሉን ነው ብላ። እሱም የተቃጠለ ነገር ካገኘሁ ቤቱን ይለቃሉ ብሏል።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... እ፣ ተቆራረጠብኝ።... አዎ፣ አልነገርኩህም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ብነግርህ «ወደ እኔ ይምጡ» ልትል።... ይኸው፣ አልክ! አባባ ከዚህ ቤት ወጥተው? ጨለማ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያውን በዳበሳ የሚያገኙበት ቤት ይሄ ብቻ ነው።... እሺ፣ አልጮህም።

— ሶዳ? አደረግኩ እንጂ። ቤኪንግ ሶዳውን በውሃ ለውሼ ለጠፍኩበት፣ አደረ። ጠዋት አቼቶ ስረጭበት ተንተከተከ። ጎንና ጎኑ ጠራ፣ መስታወቱም ጠራ። የታችኛው ግን ወይ ፍንክች!... በሽቦም ፈተግኩት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።... እሳት ካየው ምን ለየው? ጎበዝ! ነገ መጥተህ ይህንን ለአከራዩ ተርትለት!

— አባባ! ሬዲዮውን ትንሽ ቀነስ ያድርጉልኝ!... አዎ፣ እንደሱ!

— ምኑ ነው የተቃጠለው? እኔም እሱ ነው ግራ የገባኝ። መረቅ ብቻ ቢሆን እስካሁን በለቀቀ። ፕላስቲክ አለበት፣ ቀልጦ ከመረቁ ጋር ድንጋይ ሆኗል።... ጠየቅኳቸው እኮ። «ራት ነዋ» አሉኝ። የራሳቸውን ራት ሊያሞቁ አስገብተው ረስተውት መስሎኝ።

— ቅርጹ? ቅርጹ ምን ያደርግልሃል?... ቆይ፣ በባትሪ ልየው።... ክብ ነው። የሳህን ቂጥ የሚያክል። አንድ ብቻ አይደለም፣ ክብ በክብ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ቦታ... በግራ በኩል፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ...

— ምን አልክ?... የማን?... የእማዬ?

— አለሁ፣ አለሁ።... አዎ፣ አስታወስኩ። ሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ አምሽታ ስትመጣ። አባባ ራቷን በቆርቆሮው ክዳን ከድነው፣ በግራ በኩል... «እንዳይበርድባት፣ ማንም እንዳይነካ!» አንተ ሌባው ግን ድንቹን እየመነተፍክ በእኔ ታሳብብ ነበር።... አዎ፣ እሷ ግን ታውቅ ነበር። እያወቀች ታስተርፍልህ ነበር።

— የቆርቆሮው ክዳን?... እኔ ቤት ነው። ከቀብሯ በኋላ ማስታወሻ ይሆነኛል ብዬ ወሰድኩት።... ወይኔ! ወይኔ ወንድሜ! እሱን ቢያጡት ነው በፕላስቲክ የከደኑላት።

— አላለቅስም።... እሺ፣ አለቅሳለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ እኮ ረሱ ብዬ ነበር። አልረሱም። ከእኛ ይልቅ እሳቸው አልረሱም።

— ቆይ፣ መጡ።... አባባ፣ ምን ፈለጉ?... ምንድን ነው የያዙት? ምሳዎን አልበሉትም እንዴ?... ግማሹን?... ቆይ፣ ኦቭኑን አይክፈቱት፣ ገና እርጥብ ነው!... ስልኩ? ስልኩማ...

— አዎ፣ አባባ።... እማዬ ናት።... እሺ፣ እነግራታለሁ። ራቷ ኦቭን ውስጥ ነው እላታለሁ።... እሺ፣ እንዳትቸኩል፣ መንገዱ ጨለማ ነው እላታለሁ። ገና ፀሐይዋም አልጠለቀች እኮ... እሺ፣ እሺ። ሳህኑን ይስጡኝ፣ እኔ አስገባላታለሁ። ሄደው አረፍ ይበሉ።

— ሄሎ?... አለህ?... ሰማሃቸው?

— ተው፣ አንተ ካለቀስክ እኔ በማን ልጽናና።... ስማኝ። ነገ መኪናህን ይዘህ ና።... አዎ፣ ልትወስዳቸው። ከአከራዩ ቀድመህ ድረስ። ሰው ፊት «ውጡ» ሲባሉ እንዳልሰማ።... አውቃለሁ ያልኩትን። አሁን ግን ሌላ ነው የምልህ። ይሄን ክብ ፍቄ ባጠፋው እንኳ ማታ ሌላ ይሠሩበታል፤ አንድ ቀን ቤቱ በእሳቸው ላይ ይነድዳል።

— አልፍቅም፣ በቃኝ። እንዳለ ይቀመጥ።

— ስማ... አንተ ቤት ኦቭን አለ አይደል?... ሶኬቱን ንቀለው፣ አታብሩት። በግራ በኩል ግን፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ የአንድ ሳህን ቦታ ይተውላቸው። ልጆችህም እንዳይነኩ ንገራቸው።... ክዳኑን እኔ አመጣለሁ። በል፣ ቻው።