ለምጽአት የተደገሰ የዘር ገብስ

አምና ሰኔ ላይ አንድ ባህታዊ ጉና ሥር ካለው ደብራችን ደጅ ቆመው፣ «መንግሥተ ሰማያት ቀርባለች! ምጽአት ከመኸር በፊት ነው፤ ለማን ትዘራላችሁ? ያላችሁን መጽውቱ!» ብለው ጮኹ። የዋሁ አጎቴ አመናቸው። የዘር ገብሱን አስፈጭቶ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ የሰፈሩን ነዳያን ጠርቶ ዝክር ደገሰ። መኸር ደረሰ፤ የጎረቤት ገብስ ሲታጨድ የአጎቴ ማሳ ጦሙን አደረ። እሱም ልጆቹን ይዞ ለቀን ሥራ ወደ እብናት ወረደ።

ዘንድሮ ደብረ ታቦር ገበያ ስገባ፣ እኒያው ባህታዊ ጎንበስ ብለው የዘር ድንች ይመርጣሉ!

«አባ፣ ዓለም ሊያልፍ አልነበረም እንዴ? ዘር ምን ሊያደርግልዎ ነው?» አልኳቸው።

ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ቀኒቱንማ ከአብ በቀር ማን ያውቃታል?» አሉኝ።

«ይህችን ቃል ያኔ ቢነግሩን ኖሮ፣ አጎቴም ዛሬ አጠገብዎ ቆሞ ዘር ይመርጥ ነበር።»