ገመዱን የተሻገረው ልጄ

ኑማ፣ ቀረብ በሉኝ። አምና ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው፤ ልጄ ዳዊት እኔንና ልጁን ሜሮንን ጃፓን ይዞን ሄደ። ተራራ ላይ የሚጸልዩበት ቤት አላቸው፤ ደረጃው ለጉልበቴ መከራ ነበር። ደጁ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። በልቼ ስለነበር ወደ ውስጥ አልዘለቅሁም። የኛ እምነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰው የሚጸልይበት ደጅ ነው። ዳዊት ሆዬ እነሱ የሚያከብሩትን፣ ዙሪያውን በገመድ የከለሉትን ዛፍ ገመዱን ተሻግሮ ተደገፈና ሜሮንን «ፎቶ አንሺኝ» አላት። ግቢውን የሚጠርጉ ሽማግሌ መጥተው በእጃቸው እያሳዩ እንዲወጣ ለመኑት። ሳቀባቸው።

«ውጣ» አልኩት።

«እማዬ ደግሞ፣ ዛፍ እኮ ነው።»

ደሜ ፈላ። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ በምንኖርባት ኦሮራ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሞ፣ ጫማ ያላወለቀ ሕፃን ሲያይ የሚያመናጭቀው እሱ ነው።

«እኛ ጋ አንዱ መጋረጃውን ገልጦ መቅደስ ገብቶ እየሳቀ ፎቶ ቢነሳ ምን ታደርገው ነበር?»

ወደ ሜሮን ዞረ።

«ኢትስ ኦኬ፣ እማማ» አለች ሜሮን።

«ኦኬ አይደለም» አልኳት። የዳዊትን እጅ ይዤ አወጣሁትና ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ከፊቱ አልተነቃነቅሁም። ጠየቀ። ሽማግሌው እጅ ነስተውት ወደ መጥረጊያቸው ተመለሱ።

ዳዊት ዴንቨር እስክንገባ አላናገረኝም። ዛሬም እዚያው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ይቆማል፤ ለሕፃናቱ ግን ቁጭ ብሎ ጫማቸውን ራሱ ይፈታላቸዋል። ሜሮን ኮሌጅ ገባች። እኔ ግን ያ ሳቁ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያንገበግበኛል።