ገጹ እስኪከፈት ሻይ

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ከጊንጪ ወደ ባኮ ስጓዝ ዝናብ አምቦ ላይ ያዘኝና ኢሜይሌን ልይ ብዬ ኦቦ ነገራ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በርተዋል፤ ወንበሮቹ ግን ከአንዱ በቀር ባዶ ናቸው። ደንበኞቹ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ተደርድረዋል!

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

«ገጹ እስኪከፈት ነዋ!» አሉኝ የቤቱ ባለቤት ኦቦ ነገራ፣ በጡረታ የወጡ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው። «እርስዎም ሰማያዊዋን ኤክስፕሎረር ይጫኑና ሻይዎን ጠጥተው ይምጡ። የቤታችን ሥርዓት ነው።»

ክው አልኩ። ቀርፋፋነት ሥርዓት ሲወጣለት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከአንድ ጥግ ጃለኔ የምትባል የእጃጂ ከተማ ነርስ ተነሳች። ለዲግሪ ትምህርት ልትመዘገብ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ገጽ ላይ ያፈጠጠች ናት፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ይዘጋል።

«ኦቦ ነገራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህቺ ገጽ መክፈቻ ብሮውዘር ታድሳ ታውቃለች?»

«ምን ያሳድሳታል? ኢንተርኔት ማለት እሷ አይደለችም እንዴ?»

«እሷማ በር ናት። ኢንተርኔት ከበሩ ወዲያ ነው። የርስዎ በር ቤቱን ሲከፍቱ የተገጠመ ስለሆነ የዘንድሮን ገጽ አያውቀውም። ሌሎች አዳዲስ ብሮውዘሮች በፍላሽ ይዣለሁ፣ ልጫናቸው?»

«ማሎ ኢንታላ ኮ፣ እባክሽ ልጄ! ቫይረስ ልታስገቢብኝ? ደግሞስ የሚጎተተው መስመሩ ነው። በር ቢቀየር መንገዱ ያው ጭቃ!»

ክርክራቸው የዋዛ አልነበረም።

«መስመሩ መጎተቱ እውነት ነው» አለች ጃለኔ በትሕትና። «ለዚያ ኦፔራ አለ፤ ሸክሙን አሳንሶ ያመጣል። ክሮም ይፈጥናል፣ ግን የኮምፒውተሩን ጉልበት ይበላል። ለነዚህ አሮጌዎች ፋየርፎክስ ይስማማል፤ ብዙ ገጽ በአንድ መስኮት ይይዛል። ፍላሼን መርምረው ያስገቡትና እናወዳድር። ከተረታሁ ዳግም አላስቸግርዎትም።»

መረመሩት፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጃለኔ ፋየርፎክስ በጫነችበት፣ እሳቸው በኤክስፕሎረራቸው፣ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ አንዱን ገጽ እኩል ከፈቱ። ኦቦ ነገራ እንደ ልማዳቸው ተነስተው ወደ ሻይ ቤቱ አመሩ። በሩን ሳይሻገሩ ጃለኔ «ገባሁ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ባሉበት ደርቀው ቀሩ። የሷ መመዝገቢያ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ የሳቸው እንደ ነጣ ነው።

«ዋቃዮ፣ አምላኬ!» ብለው ወንበር ላይ ወደቁ። በፍጥነቱ የተገረሙ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን ፈገግታዬ ጠፋ።

«አምና ልጄ ወርቅቱ ይህንኑ ምዝገባ እዚሁ ወንበር ላይ ስትጠብቅ ዋለች» አሉ። «ነጭ ሆኖ ቀረ። ‹ዕድልሽ አይደለም፣ ተይው› አልኳት። ይኸው ባኮ ሰው ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች።»

አንዲት ልጅ ዓመት ሙሉ በአንድ ያልታደሰ ብሮውዘር ምክንያት ዕድሌ ነው ብላ መኖሯ አስደነገጠኝ።

«ምዝገባው እኮ አሁንም ክፍት ነው» አለች ጃለኔ ቀስ ብላ። «ይደውሉላትና ውጤቷን ትንገረኝ፤ የኔን ጨርሼ የሷን እሞላላታለሁ።»

ኦቦ ነገራ ደወሉ። ወርቅቱ ውጤቷን አንድ በአንድ ነገረች፤ ጃለኔ ጻፈች፤ መመዝገቧን የሚገልጸው ገጽ ወዲያው ወጣ። ከዚያም ሽማግሌው ራሳቸው ፍላሹን ይዘው ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞሩ አስጫኑ። የሻይ ቤቱ ሰዎችም እየተጠሩ ገቡ፤ አንዱ የፈተና ውጤቱን፣ ሌላው የሥራ ማስታወቂያ አየ። መሣሪያን በወቅቱ ማደስና አወዳድሮ መምረጥ ጊዜን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ተስፋ እንደሚያድን ዓይኔ መሰከረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስልኩ ከጆሯቸው አልወረደም ነበር። «አባዬ» አለች ወርቅቱ፣ «ዕድልሽ አይደለም ብለኸኝ አልነበር?»

«ዕድልሽስ ነበር፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ነገራ። «በሩን ዘግቼ የቆምኩት እኔ ነኝ።»