ሐጂ አብዱረህማን ጨረቃን በግራ ዐይናቸው ያዩ ዕለት

ሐጂ አብዱረህማን ከቡሬ ገበያ ወደ መስጊድ ሲያዘግሙ፣ ሲሸሹት ከከረሙት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰውየው ወጣቱ መሐመድአወል ነው፤ ከጨርቅ ሱቁ ደጃፍ ቴሌስኮፕ ተክሎ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ግማሽ ጨረቃ ይመለከታል። ባለፈው ረመዳን መግቢያ ይህ ልጅ "ጨረቃዋን አየሁ" ቢል፣ ሐጂ ራሳቸው ፈልገው ስላጧት "ውሸታም!" ብለው በሰው ፊት አዋርደውታል። የሳቸው ዐይን የታመነ ነበርና ሰፈሩም ልጁን ታዝቦ ቀረ።

"ይምጡ ይዩ እስቲ፣ ሐጂ።"

"ተወኝ ልጄ! አላህ ዐይን ሰጥቶን ሳለ በመስታወት ማየት ምን ይሉታል? ካየህ አይቀርስ ሙሉ ስትሆን አታይም?"

"ሙሉ ስትሆን ሜዳ ትመስላለች፣ ሐጂ። አሁን ግን ፀሐይ ከጎን ስለምትመታት የተራሮቿ ጥላ ይረዝማል። የሽንዲን መንገድ ኮረብቶች ጧትና ቀትር ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው?"

"አይደሉም" አሉ ሳይወዱ። ሐጂ እልኸኛ ናቸው እንጂ እውነት አይክዱም። "መስታወቱ ግን መስታወት ነው።"

"መነጽር አድርገው ቁርኣን ሲቀሩ፣ የቀራው መነጽሩ ነው እንዴ?"

ሐጂን ሳቅ አመለጣቸው። አዲስ ጨረቃ ሲፈልጉ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ግራ ዐይናቸውን ጨፍነው በቀኙ ተጠጉ።

"ጭጋግ ነው።"

"ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው። በግራዎ ይሞክሩ።"

በግራቸው ሲያዩ ጉድጓዱ፣ ገደሉ፣ ጥላው ተዘርግቶ ጠበቃቸው። "ሱብሃነላህ!" እንደገና በቀኙ አዩ፤ ጭጋግ። ለካስ ሁለቱ ዐይኖች አብረው ሲውሉ አንዱ የሌላውን ገመና ሲሸፍን ኖሯል። ሽማግሌው የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

"ያን ዕለትም የጨፈንሁት ግራውን ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

መሐመድአወል አዘነላቸው። "ሞራ ይሆናል፣ ሐጂ። ሐኪም ካየው የሚገፈፍ ነገር ነው። ቢተዉት ግን እየባሰ ይሄዳል።"

"ዐይኔን ለሐኪም አላስነካም ስል ነው የኖርሁት። እንግዲህ ነገ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ። አንተ ግን አሁን ሱቅህን ዝጋና ተከተለኝ።"

ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሐጂ መስጊዱ ውስጥ የልጁን እጅ ይዘው በምእመናኑ ፊት ተነሡ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በጆሮ ሹክ ብሎ ያልፈዋል፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ጀመዓ! ዐይናችሁን አስመርምሩ፤ ያመኑት ዐይን ያሳስታል። ካስመረመራችሁ ንግዳችሁንም፣ ኪታባችሁንም፣ መንገዳችሁንም በራሳችሁ ታያላችሁ። ልጆቻችሁ አየን ሲሏችሁም ሳታጣሩ አትሳደቡ። በረመዳን መግቢያ ይህ ልጅ አይቶ ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ።"