በጭቃ የተጻፈ ዐይን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ነው። መሪጌታ ኃይለ ማርያም ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ሲወርዱ፣ ከመካነ ሰላም በታች ካለው ምንጭ ዘንድ የቀድሞ ተማሪያቸውን ሞላን አገኙት። ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ አሁን በተማሪዎች ዘመቻ የተመለሰ ጎረምሳ ነው። ስመው አልጠግብ አሉ፤ ለካስ ይህን ልጅ እንዲህ ይወዱት ኖሯል!

«አብሽሩ የኔታ! ወዴት ነው እንዲህ ጥድፊያው?»

«ምስክርነት ነዋ! ቢተው ትናንት ምሽት የጎረቤቴን የአድማሴን የተሰረቀ በግ ሲነዳ አየሁት። ዛሬ ከመሬት ድልድሉ ሊሰርዙት ነው።»

ቢተው በረሃቡ ጊዜ ወደ መጠለያ ተሰዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። መሬት ካጣ ልጆቹ ዳግመኛ መራባቸው ነው።

«ፊቱን አዩት?»

«መሽቷል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ግን ቢተው ነው። በዐይኔ በብረቱ!»

ሞላ ምንጩ ዳር ቁጢጥ አለ። አውራ ጣቱን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ደረቅ ድንጋይ ላይ አተመና ከአጠገቡ «ይን» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ያንኑ ጣት ደግሞ አተመና «ሐይ» ጻፈበት።

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

«ታሾፍብኛለህ? ዐይን፤ ፀሐይ።»

«የትኛው ጭቃ ነው ዐ? የትኛውስ ፀ?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ። ሁለቱም ያው የጣት አሻራ ነው። የአገሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸውና አፈሩ፤ ሳቃቸውም መጣ።

«አንጎላችን፣ የኔታ፣ ዐይን እስክታቀብለው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ከዙሪያው ካለው፣ ቀድሞ ከሚያውቀው ተነሥቶ ይገምታል። የጎደለውን ይሞላና ‹አየሁ› ያሰኘናል።»

«እንግዲያ ዐይን ውሸታም ናት በለኛ!»

«ኧረ የለም! ግምቱ ባይኖር በምሽት ደጃፍዎንም አያገኙት። ግን ስለ ቢተው ቀድመው ምን ሰምተው ነበር?»

«ከስደት የተመለሰ እጁ አያርፍም ሲሉ...» ድምፃቸው ቀነሰ።

«ብርድ ልብሱስ?»

«ከመጠለያ የመጣ ሁሉ ያንኑ ነው የሚለብሰው።»

«‹ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል› ብለው አስተምረውኛል። ትናንት ግን ልብዎ ቀድሞ ፈረደ፤ ዐይንዎ ተከተለችው።»

መሪጌታ ተቆጡ፤ በትራቸውንም አነሡ። ግን ምን ያደርጋል፣ እውነት ነው! «ባስተማርኩህ እኔኑ ትመታኛለህ!» እያሉ ትከሻውን ተደግፈው ወረዱ።

ሸንጎው ፊት ቆመውም እንዲህ አሉ፦ «ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው በግ ሲነዳ አይቻለሁ። ቢተውን ግን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሌላ ምስክር ስላልነበረ ቢተው መሬቱን አገኘ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሸንጎ ምስክር ሲቆም «ምን አየህ? ምንስ ጨመርክበት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ይህ ጥያቄ ስንቱን ንጹሕ ከበደል፣ ስንቱን ጎረቤት ከቂም አዳነ! የቢተው ልጆችም በተከታዩ ጥቅምት ከገዛ ማሳቸው እሸት በሉ።