ለሐኪሙ ያልተነገረው ቅጠል

አክስቴ ዘንድ የሚወስደኝ አውቶቡስ እስከ ማታ እንደማይነሳ ሲነግሩኝ፣ መናኸሪያ ተቀምጬ የሰው ሻንጣ ሳይ ከምውል ብዬ የዩኒቨርሲቲውን የዕፅዋት ማዕከል ልጎበኝ ሄድኩ። ለከተማዋ እንግዳ ነኝ። ለዩኒቨርሲቲ ግን እንግዳ አይደለሁም፤ በኮፒ ማሽን በኩል ገብቼበታለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። አባቴ ሲታመም ትምህርቴን ትቼ ኮሌጅ በር ላይ ባለች ጠባብ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ተማሪው ጽሑፉን ሰጥቶኝ ስልኩን ሲነካካ እኔ ከማሽኑ የሚወጣውን ገጽ ሁሉ አነባለሁ። እሱ ተፈትኖ ይረሳዋል፤ እኔን የሚፈትነኝ ስለሌለ አልረሳም። ሰፈሩ «ኮፒዋ» ብሎ ሲጠራኝ ሊሰድበኝ ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ነው የያዝኩት።

ከዛፎቹ ሥር እንደገባሁ የመኪናው ጩኸት ቀረ። ዕፅዋቱ በሚያድጉበት የመስታወት ቤት ውስጥ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ከመስታወት ቤቱ ጀርባ፣ ግቢው ከሆስፒታሉ ጋር በሚዋሰንበት ዳር፣ በሽቦ የታጠረ መደብ አገኘሁ። የራስ ቅል የተሳለበት ሰሌዳ «መርዛማ ዕፅዋት፤ መንካት ክልክል ነው» ይላል። በየተክሉ ፊት ደግሞ ትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል፤ ይህኛው ጉበት እንደሚያበላሽ፣ ያኛው ትንፋሽ እንደሚያቆም ይናገራል። ከጽሑፉ ይልቅ ያስፈራኝ የተክሎቹ ማማር ነው። አንዱም ገዳይ አይመስልም። ሳላውቀው እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር።

በዚህ መሀል በሽቦው ሥር አንድ የተሸበሸበ እጅ ሾልኮ ገባና ቅጠል ቀጠፍ አደረገ።

ጮህኩ። እጁም ደንግጦ ተመለሰ። ከቁጥቋጦው ጀርባ አንዲት አዛውንት ፌስታል ይዘው ተነሡ። ሐምራዊ አበባው እንደ ጣት ቆብ ቁልቁል ከተንጠለጠለው ረጅም ተክል ፊት ለፊት፣ ከሽቦው ውጭ ነበር የተቀመጡት።

«ሌባ!» አልኩ። ምላሴ ከሐሳቤ ይቀድማል።

«ደግሞ ሌባ ትላለች! ቅጠል ነው የቆረጥኩት እንጂ የሰው ኪስ አልገባሁ።»

«የራስ ቅሉን አላዩትም? መርዝ ነው'ኮ!»

«ሰሌዳው ለተማሪ ነው የተሰቀለው፤ ቅጠሉን ግን ፈጣሪ ለሁሉ ነው ያበቀለው። በይ ልጄ፣ አላየሁም በይና መንገድሽን ሂጂ።»

«ምን ሊያደርጉበት ነው?»

ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባለቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ልብ ነው ተብለዋል። ይህ ቅጠል ለእብጠት እንደሚሆን እማማ ከእናታቸው ነው የተማሩት፤ አገር ቤት ሳሉም አጠጥተዋቸው እብጠቱ ጎድሎ ነበር። ተመልሶ ሲያብጥ ልጆቻቸው እዚህ አመጧቸው። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘ። እማማ ደግሞ ይዘውት የመጡትን ደረቅ ቅጠል እየቀቀሉ፣ በፔርሙስ ሻይ አስመስለው ያጠጡ ጀመር።

«ደረቁ አለቀብኝ። ልብስ ላሰጣ ብወጣ ይኸው አበባው በአጥሩ ቀዳዳ ጥቅስ አደረገኝ፤ በጎብኚ በር ዞሬ ገባሁ። እርጥቡ ጉልበት የለውም ብዬ ከትናንት ወዲህ ጨመር አድርጌለታለሁ።»

«ሐኪሙ ያውቃል?»

«ምን በወጣው ይወቅ? እሱ የራሱን ይስጥ፤ እኔም የራሴን።»

እኔ ባነበብኩት ነገር ላይ ሌላው አላዋቂ ሲሆን ማየት ደስ ይለኛል፤ ጠባዬ ነው። ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ለሕፃን እንደሚነበብ ቃል በቃል እየረገጥኩ አነበብኩላቸው። «ከዚህ ተክል የልብ መድኃኒት ይሠራል። መጠኑ ካለፈ ያስመልሳል፤ የልብን ምት ያዘገያል፣ ያዛባል፤ ሕመምተኛው ሁሉን ነገር ቢጫ አድርጎ ያያል፤ ይገድላል።»

ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን አልሽ? ቢጫ?»

«ቢጫ ይላል።»

«ዛሬ ጠዋት "አንሶላውን ማነው ቢጫ የነከረው?" አለኝ» አሉ። «አንሶላው ነጭ ነው። የዶክተሩንም ጋዋን ቢጫ ነው አለ። እኔ... እኔ ቀለደ ብዬ ሳቅኩበት።»

ደስታዬ እዚያው ከሰመ።

«ፔርሙሱ አሁን የት ነው?»

«ራስጌው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ይጠጣል።»

እጃቸውን ያዝኩና ወደ በሩ መራኋቸው። ግን ጥቂት እንደሄድን ቀጥ አሉ። አንባቢዬ የሚቀጥለውን ክርክር ረዘመ እንዳይለኝ፤ እኔም እያንዳንዱ ቃል ጥፍር ሆኖ ነበር የሚቧጭረኝ።

«ቆይ ልጄ። እናቴ ስንቱን አድናበታለች! አሁን አንድ ቆርቆሮ መርዝ ነው ስላለ መርዝ ሊሆን ነው?»

«ቆርቆሮውማ ከእናትዎ ጋር ተስማምቷል። መድኃኒት ነው ይላል። የሚያስፈራው መድኃኒት መሆኑ ነው። ለልብ የሚሰጡት ኪኒን ከዚሁ ቅጠል የሚሠራው ከሆነ፣ ዶክተሩና እርስዎ አንዱን ነገር ነው የምትሰጧቸው፤ እሱ በሚዛን፣ እርስዎ በእፍኝ።»

«እንግዲያው ሄጄ እደፋዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አላጠጣም። አለቀ።»

«አላለቀም። የጠጡት ሆዳቸው ውስጥ ነው፤ ደማቸው ውስጥ ነው። የማታው ኪኒን ሲጨመርበትስ? ዶክተሩ ሲያስመልሳቸው አይቶ በሽታው ባሰባቸው ብሎ ቢጨምርላቸውስ? መንገር አለብዎት።»

«እሱን አትበይኝ!» እጃቸውን መነጨቁኝ። «ባለፈው ከጎናችን ያለችው ለእናቷ የመድኃኒት ሥር ብታመጣ ያ ዶክተር ክፍሉ ሙሉ ሰው እያየ አዋረዳት። "ሁለተኛ ካመጣሽ እናትሽን ይዘሽልኝ ትወጫለሽ" አላት። ባሌን ቢያስወጣብኝስ? ልጆቼስ? አባታችንን ገደለችብን አይሉም? ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ ነፍሰ ገዳይ ልባል?»

እውነታቸውን ነበር። ተምረናል የምንል ሰዎች ያላወቀውን በማሸማቀቅ ዝም እናሰኘዋለን፤ ከዚያ ለምን አልነገርከንም ብለን እንቆጣዋለን። እኔ ራሴ አሁን «ሌባ» ብዬ አልነበር የጀመርኩት?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ መጀመሪያ እኔም ሰደብኩዎት» አልኩ። «ዶክተሩ ሊቆጣ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ቢቆጣ ግን የሚያመው የእርስዎ ጆሮ ነው። ዝም ካሉ የሚቆመው የእሳቸው ልብ ነው።»

«አንቺ ንገሪልኝ እንግዲያ። አንቺ አፍ አለሽ።»

«ስንት ቅጠል እንደቀቀሉ እኔ አላውቅ። ጠዋት ምን ያህል እንደጠጡ አላውቅ። የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እርስዎ።»

መራመድ ጀመሩ፤ ቀጥሎም መሮጥ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ ሲሮጥ ያየሁት ሰው የለም፤ ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወልቆ ቀረ፤ ዞር ብለውም አላዩት።

የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ክንዱን ዘረጋ። «የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም።»

«ወንድሜ፣ አስቸኳይ ነው፤ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ሕመምተኛው በአደገኛ ሁኔታ ላይ...» ያነበብኩትን ቃል ሁሉ ደረደርኩለት። እንደ ግድግዳ ቆሞ ያየኛል።

«እዚህ የሚመጣው ሁሉ አስቸኳይ ነው፤ እህቴ።»

እማማ ከኋላዬ ወጡ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«ልጄ፣ ባሌን መርዤዋለሁ። ሳላውቅ ነው። ልንገራቸው፤ አሳልፈኝ።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። ያን ያህል የፈሩትን ቃል በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አሉት። የጥበቃው ክንድ በራሱ ወረደ።

ክፍሉ ስንደርስ ፔርሙሱ ክፍት ነው፤ ክዳኑ ውስጥ የቀረው ዝቃጭ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በጎናቸው ተኝተው ሳፋ ላይ አስመልሰዋል፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ሲስተሯ የመድኃኒት ሳህን ይዛ ወደ አልጋው እየመጣች ነበር፤ ወጣቱ ዶክተርም የሽማግሌውን እጅ ይዞ ፊቱን አጨማዷል።

«አትስጡት!» አሉ እማማ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ቅጠሉን፣ ሻዩን፣ ስንት እፍኝ እንደሆነ፣ ቢጫውን አንሶላ።

የዶክተሩ ፊት ተለዋወጠ። «ማን ፈቀደልዎት? ሰው እየገደሉ እንደሆነ...»

እማማ አንገታቸውን ሲሰብሩ አየሁና ምላሴ ተነሣ።

«ዶክተር፣ ለመቆጣት ጊዜ ካለዎት ሰውየው ተርፈዋል ማለት ነው። አልተረፉም፤ ስለዚህ እማማን ይጠይቋቸው። ደግሞ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ሌሎቹም እየሰሙ ነው፤ ዛሬ እሳቸው ላይ ከጮሁ ነገ ማንም አይነግርዎትም።»

ያስወጣኛል ብዬ ነበር። ዓይኑን በክፍሉ ላይ አዞረ። በየአልጋው አጠገብ የተቀመጡት አስታማሚዎች ሁሉ እግራቸውን ያያሉ። ዝቅ ብሎ፣ «እማማ፣ መጨረሻ ያጠጧቸው መቼ ነው?» አለ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ተተራመሰ። ኪኒኑ ቀረ፤ የሽማግሌው ደረት ላይ ሽቦ ተለጠፈ፤ ደም ተቀዳ፤ በክንዳቸው መድኃኒት ገባ። እኛን ኮሪደር አስወጡን። ከውስጥ የልብ መከታተያው ድምፅ ይሰማል። አንዴ ጢጥ ይልና ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም እማማ ጉልበቴን ጨብጠው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኔም አብሬ እይዛለሁ። እንደገና ጢጥ ሲል ሁለታችንም እንተነፍሳለን። አውቶቡሴ እንዳመለጠኝ ያወቅኩት ውጭው ሲጨልም ነው።

«ብዘገይ ኖሮ...» አሉ።

«ግን አልዘገዩም።»

«አንቺ ባትጮሂብኝ እዘገይ ነበር። መጥፎ አፍ ነው ያለሽ፤ ይባርከው።»

ዶክተሩ ግንባሩን እየጠረገ ወጣ። ምቱ መስተካከል ጀምሯል፤ አደጋው ገና አላለፈም፤ ሌሊቱን ይጠብቋቸዋል። የማታው ኪኒን ተሰጥቶ ቢሆን ግን የሚጠበቅ ነገር አይኖርም ነበር አለ። ቀጥሎም ያልጠበቅኩትን ተናገረ፤ «በሽታው ጠንቶባቸው መስሎኝ መጠኑን ልጨምር ነበር።»

እንግዲህ ይህን ለምን እንደጻፍኩ ልናገር። የእናቶቻችንን ቅጠል ጣሉ ለማለት አይደለም። ቅጠሉ ባዶ ቢሆንማ ሰውየው ባልታመሙ። ኃይል ያለው ነገር ስለሆነ ነው መጠን የሚሻው፤ መጠኑንም ሊያውቅ የሚችለው ሁሉ የተነገረው ሐኪም ብቻ ነው። ሕመምተኛን የምታስታምሙ ሁሉ፣ ቤት ያጠጣችሁትን፣ እንዲያሸት የሰጣችሁትን፣ የቀባችሁትን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሳይጠይቃችሁም ንገሩ። የሚነግር ሰው ኪኒኑ ሕመሙን ያገኝለታል፤ የሚደብቅ ሰው ግን ሐኪሙን በጨለማ ያሠራዋል። ሐኪሞችም ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ፊታችሁን አትቋጥሩ። የሰው ዕውቀት ከእናንተ በፊትም ነበረ፤ ብታከብሩት ይነግራችኋል፤ ብትንቁት በፔርሙስ ይደበቅባችኋል።

በማግስቱ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «አንሶላው ምን ቀለም ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ነጭ ነው፤ ያውም ያልታጠበ ነጭ» አሉ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው በዓይናቸው ጠቆም አድርገው፣ «ሻዩ ሲመረኝ ስኳር ረሳች እያልኩ ዝም እላት ነበር። እንዳይከፋት።»

«አንተም ዝም፣ እኔም ዝም!» አሉ እማማ። «ተያይዘን ልንሞት!»

በዚያው ጊዜ ዶክተሩ ዙሩን ጀመረ። በክፍሉ መሀል ቆሞ፣ እንግዳ ቋንቋ እንደሚናገር ሰው እየተደናቀፈ፣ «ከሆስፒታሉ ውጭ... የምትሰጧቸው ነገር ካለ... ማንንም አልቆጣም» አለ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋች። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ትናንት እማማን ከዕፅዋቱ መሀል ያቆማቸው ያው ፍርሃት።

እማማ ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ ባሌን ልገድል የነበርኩት» አሉ፤ ጮክ ብለው። «ሁላችሁም ትናንት አይታችሁኛል። አላሰሩኝም፤ አላስወጡኝም። ይኸው ባሌ በስኳር ይጨቀጭቀኛል። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ከጎናቸው ካለው አልጋ፣ ባለፈው የተዋረደችው ሴት፣ ቀና ሳትል፣ «ዶክተር... እኔ ሥሩን አልጣልኩትም። አሁንም አጠጣታለሁ» አለች።

ዶክተሩ ሄዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እስቲ አሳዪኝ» አላት።