የሞተው አንደኛው መስመር ነው

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ከመታወቂያዋ ላይ ተወስዷል፤ በሰፈር “መርማሪ” እየተባለች ትጠራለች
ዕድሜ፦ አርባ አንድ
ሥራ፦ በመነጽር ቤት መስታወት ቆራጭ
አድራሻ፦ ከድልድዩ ማዶ፣ ሶፋ ሠሪዎች መንገድ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ
ከተያዙት ሰዎች ጋር ያላት ዝምድና፦ የአንዱ ታናሽ፣ የሌላው ታላቅ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ እውነቱን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። “መርማሪ” የሚለውን ስም ያወጡልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው። ቃሌን የሚጽፉት ሃምሳ አለቃ “እዚህ ቤት መርማሪው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ይመልሱ ብቻ” ስላሉኝ የተጠየቅሁትን ብቻ ለመመለስ ሞክሬአለሁ።

የምኖረው ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ታላቅ ወንድሜ ሶፋ ሠሪ ሲሆን ዎርክሾፑ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ይገኛል። ታናሽ ወንድሜም ሶፋ ሠሪ ነው፤ ሙያውን ሁለቱም ከአባታችን የተማሩት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ግን ታላቁ የአባባን ወንበር የድሮ ልብስ ገፎ አዲስ ቆዳ አለበሰው። እሱ ለክብሩ ብሎ ነው ያደረገው። ታናሹ መጥቶ ሲያየው “የአባባን ሽታ ገፈህ ጣልከው” አለና ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ፤ ሌላ ሰፈር ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አክስታችን መጥታ አልቅሳ ለምናቸው ነበር፤ ወይ ፍንክች።

ታናሹ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለእናታችን ይደውላል። ስልኩን ታላቁ ካነሳው አይተነፍስም፤ እናታችን እስክትመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ታላቁም “ሃሎ” ብሎ መልስ ሲያጣ ቀፎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ “እማማ፣ ዝምታው ደውሏል” ይላል። ሃምሳ አለቃው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቀውኝ፣ ለማንም እንደማያስፈልግ፣ ነገር ግን ቤታችን በዚህ ሥርዓት ተስማምቶ ይኖር እንደነበር መልሻለሁ።

ስለ ስልኩ ተጠይቄ፦ ቤታችን ሁለት መስመር አለው። አንደኛው የመኖሪያ ቤቱ፣ ሁለተኛው የዎርክሾፑ ነው። ሁለቱም ስልኮች ሳሎን ስለነበሩ ደንበኛ በደወለ ቁጥር እናታችን የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች ትነሳ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ እጁ ላይ ሙጫ እንደያዘ ከግቢ ይሮጣል። ቀፎዎቻችን ሙጫ ጠጥተው ጆሮ ላይ ይጣበቁ ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለት መስመር የሚያስተናግድ ገመድ አልባ ስልክ ገዛሁ። ስልኩ አንድ ማሳረፊያና ሁለት ቀፎዎች አሉት። ቀፎው ማሳረፊያው ላይ ተጋድሞ ቻርጅ ስለሚያደርግ እናታችን ማሳረፊያውን “አልጋው” ትለዋለች፤ እኛም ያንኑ ለምደናል። ይህ ለጉዳዩ አስፈላጊ ስለሆነ እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

የሁለቱን መስመሮች ገመድ ከማሳረፊያው ጀርባ እያንዳንዱን በየሶኬቱ ሰካሁ። ባትሪዎቹን ከተትኩ። መመሪያው ከመጠቀም በፊት ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ይደረግ ስለሚል ታላቅ ወንድሜን እንዳይነካው ከለከልኩት። “ስልክ ነው ወይስ ሊጥ፣ የሚያድረው?” ብሎ አሾፈብኝ። የትኛው መስመር እንደተደወለ በጆሮ እንዲለይ ለአንደኛው የወፍ ድምፅ፣ ለሁለተኛው የደወል ድምፅ መረጥኩለት። ወፏን የመረጠችው እናታችን ናት። እውነቱን ለመናገር ያን ምሽት ደስ ብሎኝ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ከፍቶ ሆዱን የማየትን ያህል ደስ የሚለኝ ነገር የለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ባለፈው ሳምንት ከዎርክሾፑ ጥቅል ቆዳ መሰረቁን ለዚሁ ጣቢያ ማመልከታችንን አስታውሻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ያን ዕለት “ይመለሱ ብቻ፣ በመዶሻ ነው የምቀበላቸው” እያለ ሲፎክር ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እናታችንም ለታናሹ በስልክ አውርታለታለች። ታላቅ ወንድሜ ዶሮ ማረድ የማይችል ሰው ነው፤ የሚያርደው በአፉ ነው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ እኔ መመሪያውን ይዤ ሳሎኑ መስኮት ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ አንዱን ቀፎ ይዞ ዎርክሾፑ በር ላይ ቆምን። መዶሻው እንደ ልማዱ በብብቱ ሥር ነበር። ልንሞክር የፈለግነው አንዱን መስመር አቆይቶ ሌላውን ማንሳትን ነው። ለዚህ የሚነካው ቁልፍ በመመሪያው ላይ “መያዣ” ይባላል። ገና ሳንጀምር አንደኛው መስመር በወፏ ድምፅ ጮኸ። ወንድሜ አነሳው፣ “ሃሎ” አለ፣ መልስ አጣ። በአሮጌው ስልክ ቢሆን ኖሮ ዝምታው መሆኑን ወዲያው ያውቅ ነበር። ዕቃው አዲስ ስለሆነ ግን ጥፋቱን በዕቃው አላከከ። ከዚህ በኋላ የተባባልነውን ቃል በቃል እንድናገር ተጠይቄ እንደሚከተለው ተናግሬአለሁ።

“አንደኛው ሞቷል!” ብሎ ጮኸ ታላቅ ወንድሜ።

“እርግጠኛ ነህ?” አልኩት።

“ምንም አይተነፍስም!”

በዚህ መሃል የዎርክሾፑ መስመር በደወሉ ድምፅ ጮኸ። ወንበሮቹ እስኪያልቁለት የቸኮለ አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር።

“ሁለተኛው እየጮኸ ነው! ምን ላድርገው?”

“አንደኛውን እንዳትለቀው! ያዘው፣ ያዘውና ወደ ሁለተኛው ሂድ!”

“ይዤዋለሁ! አሁንም ይጮሃል!”

“በቃ፣ የሞተውን ቁረጠው!”

“ብቆርጠው ሁለተኛውም አብሮት ቢሄድስ?”

እናታችን ከመኝታ ቤት ሆና “ኧረ ልጆቼ፣ አታሠቃዩት! አልጋው ላይ አስተኙትና የሚያውቅ ሰው ይየው!” አለች። ወንድሜ ቁልፎቹን ለማየት ቀፎውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ መዶሻው ከብብቱ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ኃይለኛ ድምፅ አሰማ። እኔም ደንግጬ “ወይኔ፣ ጨረስከው!” አልኩ፤ ቀፎው የተሰበረ መስሎኝ ነው። ወዲያው አንደኛው መስመር ተዘጋ።

እነዚህ ቃላት ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ምን እንደሚመስሉ አሁን ሲነበቡልኝ ገብቶኛል። በዚያን ጊዜ ግን ስለ ስልክ ነበር የምናወራው። ቆይቼ እንዳጣራሁት፣ ወንድሜ “ይዤዋለሁ” ያለው ከመያዣው ጎን ያለውን የድምፅ ማጉያ ነክቶ ነው። ስለዚህ መስመሩ አልተያዘም፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የእኔን፣ የእሱንና የእናታችንን ጩኸት መዶሻውን ጨምሮ አጥርቶ ሲሰማ ነበር። በሌላው ጫፍ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የፖሊስ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ታናሽ ወንድሜ እጁ በካቴና ታስሮ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሃምሳ አለቃው ገብተው “ሬሳው የት ነው?” አሉ። እናታችን በረንዳ ላይ ወጥታ “እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ለሞት የደረሰ የለም፤ እኔም ገና ነኝ” አለቻቸው። ከዚያ ሃምሳ አለቃው ነገሩን አስረዱን። ታናሽ ወንድሜ እያለከለከ ጣቢያ ደርሶ “በወንድሜ ዎርክሾፕ የገባውን ሌባ የገደልኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ። ሌላ ማንም እጁ የለበትም” ብሎ እጁን ሰጥቷል።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። የሞተ ሰው አለ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። “እሱ ከዚህ ግቢ እግሩ ከወጣ ስንት ዘመኑ! እዚህ የሞተ ሰው ካለ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ፍቱት” አለ። እጀታውን ሰብስቦ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። ሃምሳ አለቃው “ሟች ሳናገኝ ሁለት ገዳይ አገኘን” አሉ። ዎርክሾፑ ተፈተሸ። ሶፋዎች ተገለበጡ፣ የስፖንጅ ክምር ተበተነ። አንድ የፖሊስ ባልደረባ እጁን ጥጥ ውስጥ ሲሰድ በሶፋ መርፌ አውራ ጣቱን ተወጋ፤ በግቢያችን የተገኘው ደም ይኸው ብቻ ነው።

ይሁንና ሁለቱም ወንድሞቼ ተያዙ። ነገሩ ስለ ስልክ መሆኑን ብናገርም አልታመንኩም። ጣቢያ ሲደርሱ ለየብቻ ተቀመጡ። የእምነት ቃላቸውን እንዲያነሱ በየተራ ቢጠየቁ፣ አንዱ ቃሉን ካነሳ ሌላው ይታሰራል ብለው ስለፈሩ ሁለቱም “እኔ ነኝ” ብለው ድርቅ አሉ። ሃምሳ አለቃው በዚህ ከቀጠሉ ሁለቱንም ፍርድ ቤት ለማቅረብ እንደሚገደዱ ነግረውኛል። እናታችን ሁለት ልጆቿን በአንድ ቀን እንዳታጣ በጣም ፈርቼ ነበር።

ማሳረፊያውንና ሁለቱን ቀፎዎች በዘንቢል ይዤ ተከትያቸው ነበር። እንዲታይልኝ አመልክቼ ተፈቀደልኝ። ስልኩ ያለ መስመርም ከቀፎ ወደ ቀፎ ስለሚያነጋግር፣ አንዱ ቀፎ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ አንድ ፖሊስ በጓሮው ክፍል ተሰጠው። እኔና ታላቅ ወንድሜ በሃምሳ አለቃው ፊት ቀን የተባባልነውን እንደገና ጮኽነው። “የሞተውን ቁረጠው” ላይ ስንደርስ ያ ፖሊስ ዱላውን መዝዞ በሩን በርግዶ ገባ። ሃምሳ አለቃው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ለብዙ ጊዜ ሳቁ።

ታላቅ ወንድሜ ወደ ኮሪደሩ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ ታናሽ ወንድሜ እኔ ባለሁበት ተጠርቶ ማንም እንዳልሞተ ተነገረው። መጀመሪያ አላመነም፤ ዓይን ዓይኔን አየኝ። “እማማ ትሙት፣ ማንም አልሞተም” አልኩት። ያኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ዕንባው ዝም ብሎ ወረደ። ሃምሳ አለቃው ታገሡት። ቀጥሎም እኔን ራሴን ከተያዙ ጀምሮ ሲበላኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቁት።

“ስልኩ ጆሮህ ላይ ነበር። ወንድምህም መስመሩ ላይ ነበር። ‘ምን ሆነህ ነው?’ ብለህ አንዲት ቃል ብትጠይቀው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዕድሜ ልክ ልትታሰርለት ጣቢያ ድረስ ከምትሮጥ ለምን አልጠየቅከውም?”

ታናሽ ወንድሜ ዕንባውን ጠርጎ፣ የዓለምን ነገር የማያውቅ ሰው እንደሚያይ ሃምሳ አለቃውን አያቸው።

“እንዴት ብዬ፣ ጌታዬ?” አለ። “ተኳርፈናል እኮ!”

ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። በሩ ክፍት ስለነበር ታላቅ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ይህን ሰምቷል። “አንተ ጅል!” ሲል ጮኸ። ታናሹም ሳይዘገይ “ሳይገድል ገደልኩ የሚለው ነው ጅል!” ብሎ መለሰለት። “ቀድሞ ያለው ማን ሆነና!” አለ ታላቁ። ታናሹ ተነስቶ ወደ እሱ ወጣ፤ ሃምሳ አለቃውም አልከለከሉትም። ይህን ቃል በምሰጥበት ጊዜ ከኮሪደሩ የሚሰማው ጭቅጭቅ የሁለቱ ነው። ተረኛው ፖሊስ ዝም ላሰኛቸው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። እባካችሁ አታቋርጧቸው ብዬ ለምኛለሁ።

በቤታችን ሰው አለመሞቱን፣ ሁለቱም ወንድሞቼ የተናገሩት አንዱ ሌላውን ለማዳን ብሎ የተናገረው ሐሰት መሆኑን፣ እኔም ካየሁትና ከሰማሁት ያጎደልኩት እንደሌለ እመሰክራለሁ። ቃሌ በጩኸቱ ምክንያት ስላልተሰማኝ ሁለት ጊዜ ተነቦልኝ፣ የእኔ መሆኑን አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው ሃምሳ አለቃ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ሲነበብ የሰማው ተረኛ ፖሊስ ፊርማ፦ ተፈርሟል